መርፌውን ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ፤ ለምን አልፀነስኩም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ስሆን ከባለቤቴ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ እንኖራለን። መጀመሪያ ላይ የቤት ኪራዩም ኑሮውም ስላስፈራን የሦስት ወር መርፌ እወስድ ነበር፤ የመጨረሻውን የተወጋሁት ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። የወር አበባዬ ዘንድሮ ጥቅምት ተመልሶ አሁን በየ32 ቀኑ ሳያዛንፍ ይመጣል። ጾም ስለምናከብር በነቢያትም በሁዳዴም አልጋ እንለያለን። ከ14ኛው ቀን ውጪ እንደማይፀነስ ስለሰማሁ ያንን ቀን ብቻ እጠብቃለሁ። አማቴ ከእንጦጦ ጠበል እያመጡልኝ «ዓመት ሙሉ ምን ሆናችሁ ነው?» ይላሉ፤ ባለቤቴም «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ አንቺ ተመርመሪ» ይለኛል። መርፌው መካን አድርጎኝ ይሆን? ለመፀነስስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ መርፌው መካን አያደርግም፤ የሚያደርገው ማዘግየት ነው። አንዱ መርፌ የሚከላከለው ለሦስት ወር ቢሆንም መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ በመሆኑ፣ መርፌውን ያቆሙ ሴቶች ለመፀነስ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ከዚያም የሚዘገዩ አሉ። እንክብሉና በክንድ የሚቀበረው ግን እንዲህ አያቆዩም። ስለዚህ አማትዎ የሚቆጥሩት ዓመትና እኛ ሐኪሞች የምንቆጥረው ዓመት የተለያዩ ናቸው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። የወር አበባዎ ከተመለሰበት ከጥቅምት አንሥቶ ደብዳቤዎን እስከጻፉበት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ሰባት ወር ነው። ከዚያ ላይ የነቢያት 43 እና የሁዳዴ 55 ቀናት ሲቀነሱ በእጅዎ የሚቀረው አራት ወር እንኳ አይሞላም። ምንም እንከን የሌለባቸው ወጣት ጥንዶች እንኳ በአንድ ዑደት የመፀነስ ዕድላቸው ከመቶ ከ20 እስከ 25 ገደማ ነው፤ ሳያቋርጡ ከሚሞክሩ 100 ጥንዶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ80 በላይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ 90 ያህሉ ይፀንሳሉ። በእርስዎ አራት ወር ውስጥ አለመፀነስ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይልቅ ያሳሰበኝ የ14ኛው ቀን ጉዳይ ነው። 14ኛው ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው፤ እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የእርስዎ 32 ቀን ሲሆን እንቁላሉ የሚጠበቀው በ18ኛው ቀን ገደማ ነው። እንቁላሉ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ የወንዱ ዘር ግን በማህፀንና በቱቦዎቹ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንዱን ቀን ከመጠበቅ ይልቅ ከ13ኛው እስከ 18ኛው ያሉትን ስድስት ቀናት መያዝና በመካከሉ ቀን በቀን ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መገናኘት ነው የሚበጀው። ቆጠራው የሚጀምረው ደሙ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እንጂ ከቆመበት ቀን አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ደሙ ግንቦት 3 ቢታይ የተባሉት ቀናት ከግንቦት 15 እስከ 20 ይሆናሉ፤ ቀጣዩ የወር አበባ ሰኔ 5፣ የሚከተለው ሐምሌ 7፣ ከዚያም ነሐሴ 9 ይመጣል። ወራችን ሁሉ እኩል 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሒሳብ እንዴት እንደሚመች ያዩታል፤ የሚያሳስተው ጳጉሜን ብቻ ነው።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህችን አንብቡላቸው። መፀነስ ሲዘገይ ከጉዳዩ ግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል፤ ጤነኛ መስሎ መታየትና ጤነኛ ዘር መኖርም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሚስት ወፍራም ፋይል ታቅፋ ገብታ ባል መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ማየት ለእኔ የዘወትር ነገር ሆኗል። የወንዱ ዘር ምርመራ የሴቷን የማህፀን ቱቦ በራጅ ከማየት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው፦ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ በቅርቡ ብርቱ ትኩሳት ያሳለፈ ሰው ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላልና አንድ ደካማ ውጤት ብቻ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ይደገማል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆሙ ከዛሬ ይጀመር።

ጠበሉን ከሕክምናው ጋር አላጣላም፤ አማትዎም ክፉ አስበው እንዳልሆነ አምናለሁ። ምንነቱ ያልታወቀ «የማህፀን ማጠቢያ» ቅጠል ከመጣልዎ ግን እንዳይነኩት።

ዕድሜዎ 35 ቢያልፍ ኖሮ ስድስት ወር በቂ ነው እል ነበር። በ31 ዓመትዎ፣ ጾሙ የወሰደው ቀን ቢኖርም፣ እስከሚመጣው ጥቅምት ይሞክሩ፤ ከዚያ በላይ ግን አያራዝሙት። ዑደቱ ከተዛባ፣ የወር አበባ ሕመሙ ከበረታ፣ ከዚህ ቀደም የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ካለ ግን ጥቅምትን ሳይጠብቁ ይምጡ። በመንግሥት ደረጃ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። እስከዚያው በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይውሰዱ፤ የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩት እናቲቱ መፀነሷን ሳታውቅ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ መድኃኒቱ ቀድሞ መጀመር አለበት። ስትመጡ የወር አበባው ቀናት የተመዘገቡበትን ካሌንደር ይዛችሁ፣ ሁለታችሁም ኑ።