ሌሊት ባቴን ጨምድዶ የሚይዘኝ ካንሰሩ ነው ወይስ መድኃኒቱ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ47 ዓመት ሰው ስሆን በሐዋሳ በመምህርነት ሙያ እተዳደራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር እንዳለብኝ ተነግሮኝ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኢማቲኒብ 400 ሚሊ ግራም በየቀኑ ጠዋት እወስዳለሁ። ደሜ ተስተካክሎ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ሆኖም ካለፈው ዓመት ወዲህ ሌሊት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና እየጮኽሁ እነቃለሁ። ባለቤቴ «ሥር ዞሮብህ ነው» ብላ ወጌሻ አስመጥታ አሳሽታኛለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ለወባ ታዞለት የተረፈውን ኩዊኒን ማታ ማታ እንድወስድ ሰጥቶኛል፤ ገና አልጀመርሁትም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሸኛል፤ ስለዚህ እግሬም ትንሽ ይረፍ ብዬ በእነዚህ ሁለት ቀናት መውሰዱን ትቻለሁ። ካንሰሩ ወደ አጥንቴ ገብቶ ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ እንቅልፍ የነሣዎትን ፍርሃት ላንሣ። የገለጹት በድንገት መጥቶ ባትን የሚያጠጥር፣ በደቂቃዎች ውስጥም የሚለቅ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው፤ ወደ አጥንት የገባ ካንሰር እንዲህ መጥቶ እንዲህ አይሄድም። መሸማቀቅ በኢማቲኒብ የጎንዮሽ ጉዳትነቱ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ ባትን፣ እግርንና እጅን ይመርጣል፤ ሌሊትና ከድካም በኋላም ይበረታል። መድኃኒቱን የጀመሩ ሕሙማንን ለአምስት ዓመታት የተከታተለው አይሪስ የተባለው ትልቅ ጥናት ከመቶ 49ኙ መሸማቀቅ እንዳጋጠማቸው መዝግቧል። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ 89ኙ በሕይወት ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ያመጣኋቸው፣ እግርዎን የሚይዘውም ዕድሜዎን ያቆየውም ያው አንድ እንክብል ስለሆነ ነው።

ከእግርዎ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው ያለፉት የረቡዕና የዓርብ ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚዘል ሰው ከታዘዘለት መድኃኒት የሚወስደው ከመቶ 71 ያህሉን ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ ጠርሙስ ለሕሙማን ሰጥቶ በተከታተለ ጊዜ፣ ከመቶ 90 በታች የወሰዱት ሰዎች የካንሰሩ ምልክት በደማቸው ውስጥ በሚፈለገው መጠን የመቀነስ ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከመቶ 90 ማለት በወር ሦስት ቀን መዝለል ሲሆን፣ የእርስዎ ግን ወደ ዘጠኝ ቀን ይጠጋል። ለእግርዎ ያሰቡት ዕረፍትም ቢሆን እምብዛም ዕረፍት አይደለም፤ የኢማቲኒብ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 18 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ አንድ ቀን ቢዘሉትም መድኃኒቱ ከሰውነትዎ አይወጣም።

ጾሙን መተው የለብዎትም፤ መለወጥ ያለበት ሰዓቱ ነው። ኢማቲኒብ የሚወሰደው ከምግብ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ሲሆን፣ ጠዋት መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም። ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከሚበሉት ምግብ ጋር ቢያደርጉት፣ ረቡዕም ዓርብም ከሌላው ቀን አይለዩም፤ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ የማይቀምሱ ከሆነ፣ ጾሙ ከተፈታበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ቀስ እያሉ በቂ ውሃ ይጠጡ፤ ሁሉንም በመኝታ ሰዓት ከጠጡት መሸማቀቁ ቢተውዎት እንኳ ሽንት ይቀሰቅስዎታል።

ኩዊኒኑን ለባልደረባዎ ይመልሱለት። ለማንኛውም እንክብል «ኪኒን» የሚለውን ስም ያወረሰን ይህ መድኃኒት ለወባ ያደረገው ውለታ ብዙ ነው፤ ለመሸማቀቅም ለረጅም ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች በድንገት ሊያወርድና የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 ለእግር መሸማቀቅ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ኢማቲኒብ በራሱ ፕሌትሌትን ሊቀንስ ለሚችልበት ሰው አደጋው ድርብ ነው። ኩዊኒን ስላለበት አንዳንዶች የሚመክሩትን ቶኒክ ውሃም አልመክርዎትም።

ሌሊት ሲይዝዎ የሚበጀው ጡንቻውን መሳብ ነው። በራስጌ በኩል ነጠላ አጣጥፈው ያስቀምጡ። ባትዎ ሲጠጥር ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን ዘርግተው ነጠላውን ከጣቶችዎ ሥር ባለው የእግርዎ መዳፍ ላይ ያጥልቁና ሁለቱን ጫፎች ይዘው ጣቶችዎ ወደ ቅልጥምዎ እስኪያዘነብሉ ድረስ ሳያንቀጠቅጡ ወደ ራስዎ ይሳቡ። መቆም ከቻሉ ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው ተረከዝዎን መሬት ላይ ያስነኩ። ይህንኑ ከመተኛትዎ በፊት በእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ10 ሰከንድ ያህል ይሥሩት፤ ሆላንድ ውስጥ ከ55 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ማታ ማታ ለስድስት ሳምንት ያደረጉት ሰዎች የሚያዙበት ጊዜ ቀንሶላቸዋል። እነርሱ የደም ካንሰር ሕሙማን ባይሆኑም፣ ጉዳት የሌለው ነገር ስለሆነ ሳልሰስት እመክረዋለሁ። ጋቢውንም በግርጌ በኩል አጥብቀው አይወትፉት፤ ጣትን ወደ ታች ስለሚጫን ባትን ሌሊቱን ሙሉ አሳጥሮ ያሳድረዋል። ቀኑን ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚውል መምህር በክፍለ ጊዜዎች መካከል ጥቂት መቀመጥም ይጠቅማል።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም፤ ወለምታ በማቃናት የሚመሰገኑ ብዙዎች መሆናቸውን አልክድም። ቀስ ብሎ በእጅ ማሻሸት ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ፕሌትሌቱ የወረደ ሰው በኃይል ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ ሊደማ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፣ አንደኛው እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና ሕመሙ ለቀናት የማይለቅ ከሆነ ነገሩ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ያንን እግር ማንም ሳያሸው በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የፖታሲየም፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የፎስፈረስ ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ ኢማቲኒብ ፎስፈረስን ሊቀንስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ለእብጠት ላሲክስ ተሰጥቶዎት ከሆነም ይናገሩ፤ ከሽንት ጋር ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ያስወጣልና። ጎድሎ የተገኘውን መተካት ይቻላል፤ ሳይጎድል የማግኒዚየም እንክብል መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መሸማቀቁ ካልበረደ መጠኑን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት መሸጋገር ይቻል እንደሆነ የሚወስነው፣ የደምዎን ውጤት በእጁ የያዘው ሐኪም ነው።

እስከዚያ ድረስ የተያዙባቸውን ሌሊቶች በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ መድኃኒቱን የዘለሉባቸውን ረቡዕና ዓርብም ሳይደብቁ ይጨምሩ። ሐኪምዎ እነርሱን ካላወቀና የካንሰሩ ምልክት በደምዎ ውስጥ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ኢማቲኒብ መሥራት አቁሟል ብሎ ያለ ምክንያት መድኃኒት ሊቀይርብዎት ይችላል።