ለ30 ሊትር አኳሪየም ስንት ዋት መብራት?

ወንድሜ፣ «30 ሊትር አኳሪየም አለኝ፤ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ልተክልበት ነው፤ ስንት ዋት መብራት ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም በዚያው ሊትር፣ በነዚያው ተክሎች ነው የጀመርኩት። ጥያቄዬም ይኸው ነበር። ያኔ ያገኘሁት መልስ ስድስት ወር ስላቃጠለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ዋቱን እርሳው። ዋት መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርህም። «በሊትር ይህን ያህል ዋት» የሚባለው ስሌት የፍሎረሰንት ዘመን ነው። ኤልኢዲ በትንሽ ዋት ብዙ ያበራል። ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን ፈልግ፤ መብራቱ የሚሰጠው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ለአንተ ተክሎች በሊትር ከ15 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። በጠቅላላው ከ450 እስከ 600 መሆኑ ነው።

2. ነጭ ብርሃን ይሁን፣ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ። ሐምራዊውን ተወው፤ የተክሉም የዓሣውም መልክ ይጠፋብሃል።

3. ኃይለኛ መብራት አትግዛ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ለተክል ከሆነ ትልቁን ውሰድ፤ ብርሃን በዝቶበት የሞተ ተክል የለም» አለኝ። አመንኩት። ለ100 ሊትር የሚሆነውን መብራት በ30 ሊትር ላይ ጫንኩና በቀን 12 ሰዓት አበራሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ደስ ይል ነበር! በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ቀጥሎ አኑቢያሱ ላይ በጣት ቢፈገፈግ የማይለቅ ነጠብጣብ ወጣ። ከዚያ እንደ ፀጉር ያለ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚራባ አረንጓዴ ነገር) ጃቫ ፈርኑን ተበተበው።

ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ውሃ አትቀይርም ማለት ነው» አለኝ። በየሳምንቱ ሲሶውን እየቀየርኩ! ጭራሽ የአልጌ ማጥፊያ ሸጦ ሸኘኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ከዓሣው ጋር የማኖራቸው ሽሪምፖቼ (ትንንሽ የውሃ እንስሳት) አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ጠርሙሱ ላይ መዳብ እንዳለበት ያነበብኩት ካለቁ በኋላ ነው። መዳብ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ሽሪምፕ እንዳለኝ ደግሞ ነግሬው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አኑቢያስ በተፈጥሮው ዝግ ያለ ተክል ነው። አንድ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ካርቦንዳይኦክሳይድ ሳትጨምር ብርሃኑን ብቻ ብታበዛው አይፈጥንልህም። የተረፈውን ብርሃን አልጌው ይበላዋል። ያ ቀርፋፋ ቅጠል ደግሞ ለወራት አንድ ቦታ ስለሚቆይ አልጌው ተመቻችቶ ይቀመጥበታል።

በ4ኛ ደረጃ ስለ ሰዓት ልጽፍልህ ነበር፤ ያው ታሪኬ ውስጥ አለልህ። መብራቱን አልጣልኩትም። 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ታይመር ገጠምኩና በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ እንዲበራ አደረግኩ። በእጅህ እያበራህ እያጠፋህ አትዘልቀውም፤ ትረሳዋለህ። ለጥላ እንዲሆን ተንሳፋፊ ተክል ጨመርኩ፤ የተበላሹትን ቅጠሎች ቆረጥኩ። በሁለት ወር ንጹሕ ቅጠል መውጣት ጀመረ። ዓመት ሳይሞላው አኑቢያሱ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነጭ አበባ አበበልኝ! ማንም ሳይረዳኝ፣ በራሴ ጥረት ነው። ያየ ሁሉ ምን አድርገህ ነው ይለኛል።

አንተም ከ6 ሰዓት ጀምር። ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ሳትነካ ጠብቅ። መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ጨምር፤ ከ8 ግን አትለፍ። መስኮት አጠገብ ከሆነ የሚገባውን ፀሐይም ቁጠረው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የሁለቱንም ተክሎች ወፍራም አግዳሚ ግንድ አሸዋ ውስጥ እንዳትቀብረው። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር እሰረው። ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ይረግፋል። ያኔ ብርሃን አንሶት ነው ብለህ ሌላ መብራት ልትገዛ ትሄዳለህ።