ስለ ግትር ፖሊመሮች ጠይቁ፦ የጅማ ፊዚክስ ወዳጆች ምሽት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዲኤንኤ ግትር ነው ወይስ ለስላሳ?
መልስ፦ በምን ርዝመት? ዲኤንኤ ፖሊመር ነው፤ ማለትም ከትናንሽ ክፍሎች የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት። ሰንሰለቱ አቅጣጫውን ሳይረሳ የሚሄድበት ርቀት አለ፤ ፐርሲስተንስ ሌንግዝ ይባላል። ለዲኤንኤ 50 ናኖሜትር ገደማ ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። ከዚያ በጣም ያጠረ ቁራጭ ዱላ ነው። በብዙ እጥፍ የረዘመው እንደ ክር ይጠማዘዛል። ርዝመት ሳትጠቅሱ ግትር አትበሉ።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። እርስ በርሱ እየተገፋፋ እንዴት ይሰበሰባል?
መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንደ ስፐርሚዲን (ሴል ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ሞለኪውል) ያሉ +3 አየኖች፣ ማለትም ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ሰንሰለቱን ይከቡታል። ከቻርጁ 90 በመቶ ገደማ ሲሸፈን መገፋፋቱ ይደክማል፤ ጎን ለጎን ያሉት ክሮችም ይሳሳባሉ። ግን እንደ ወረቀት አይጨማደድም። መታጠፍ ኢነርጂ ይፈልጋል። የመታጠፊያው ራዲየስ በግማሽ ሲያንስ፣ ለዚያው ርዝመት ኢነርጂው 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሃሉን ክፍት ትቶ ይጠቀለላል። ጀበና የምናስቀምጥበትን ማቶት አስቡት፤ ልክ እሱን ይመስላል። ባክቴሪያ የሚያጠቃው የላምዳ ቫይረስ ዲኤንኤ ሲዘረጋ 16 ማይክሮሜትር ነው። ሲጠቀለል ግን የውጭ ስፋቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው!

ጥያቄ፦ ማግኒዥየምስ?
መልስ፦ +2 ነው። ዲኤንኤን ለመሰብሰብ በተራ ውሃ ብቻውን አይበቃም።

አንድ አባል፦ ኳስ ቢሆን አይሻልም? የኳስ ገጽ ከሁሉም ያንሳል።
ሌላ አባል፦ ኳስ ከሆነ መሃል ያለው ክር የት ይታጠፋል?
ሌላ አባል፦ ማቶት እኮ የሁሉም ቤት አንድ አይደለም፤ የኛ ከጨርቅ ነው።
ሌላ አባል፦ የኛ ከሳር። የጨርቁ ቡና ሲፈስበት ይበሰብሳል።
መልስ፦ ወገኖቼ፣ ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። ኳስ ያልከው ወንድሜ፣ ለለስላሳ ሰንሰለት ልክ ነህ። ለግትሩ ግን የመታጠፊያው ዋጋ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ፖሊመር ለምን ይታጠፋል?
መልስ፦ የቱ ፖሊመር? በምን ፈሳሽ? በምን ርዝመት? እንዲህ በደፈናው መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ የጀሪካን ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ለምን ይሰነጠቃል?
መልስ፦ ሌላ ርዕስ ነው። ኬሚስቶቹን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዲኤንኤ ለስላሳ ነው ማለት ነው?
መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብቡ። ርዝመት!

ጥያቄ፦ ያልተጠቀለለውን ሁለት ጫፉን ይዘን ብንስበውስ?
መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ። መጀመሪያ በትንሽ ኃይል ይዘረጋል፤ የሚቃወመን የሙቀት መንቀጥቀጡ ነው። ሙሉ ርዝመቱ ጋ ሲደርስ ግን ኃይሉ በፍጥነት ያሻቅባል። 65 ፒኮኒውተን (የኒውተን ትሪሊዮንኛ፣ በጣም ትንሽ የኃይል መለኪያ) አካባቢ ድንገት ይለቃል፤ ርዝመቱም ወደ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። እዚያ ላይ የሚለወጠው የጥንድ ክሩ ውስጣዊ አሠራር ራሱ ነው።