ጎማው ባላንስ ተደርጎም ሃይሉክሱ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሱሉልታ ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። የኋላ ባሌስትራውን ማንጠልጠያ በረጅም አስቀይሬ ኋላውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስነስቼዋለሁ፤ ጎማውንም በ285/75 ባለ 16 ተክቻለሁ። ከዚያ ወዲህ 80 ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምርና 90 ላይ ይብሳል። የሚሰማኝ መሪው ላይ ሳይሆን ወለሉና ወንበሩ ላይ ነው። ባላንስ ደጋግሜ አስደርጌያለሁ፤ ለውጥ የለም። ጎሚስታው ጎማውን ቀይር ይለኛል።

መልስ፦ ጎማ ለመግዛት አይቸኩሉ። መሪውን ትቶ ወንበርና ወለል የሚያናውጥ፣ ያውም ኋላው ከተነሳ በኋላ የመጣ ንዝረት፣ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ሻፍት ነው። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ ስላልሆነ ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድመን እንጨርስ።

ቸርኬዎቹን አውልቀው ውስጣቸውን ይጠቡ። የእናንተ አካባቢ መረሬ ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ተጋግሮ ከደረቀ የትናንቱን ባላንስ ዛሬ ያጠፋዋል። ቀጥሎ የቸርኬውን መሃል ቀዳዳ ይለኩ። የሃይሉክስ ሙዞ (ቸርኬው የሚገጠምበት የአክስሉ ጫፍ) 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከገበያ የሚገዙ ቸርኬዎች ግን ብዙ ጊዜ 110 ናቸው፤ ስለዚህ ቸርኬውን መሃል የሚያስቀምጡት ዳዶዎቹ ብቻ ይሆናሉ። የቸርኬው ቀዳዳ ሾጣጣ ሆኖ ሳለ የድሮዎቹን ባለ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ዳዶዎች አስረው ከሆነ ጎማው ከመሃል ወጥቶ ነው የሚዞረው። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ ስለሚይዘው ይህን ጉድለት አያየውም። ሾጣጣ ዳዶ ይግዙ፤ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ በመስቀለኛ እያፈራረቁ ያጥብቁት።

ከዚያ ወደ ሜዳው። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ፍጥነቱን 90 ላይ ይያዙና መጀመሪያ በአምስተኛ፣ ከዚያ በአራተኛ ማርሽ ይንዱት። የሞተሩ ዙር ተለውጦ ንዝረቱ ካልተለወጠ ሞተሩ ነፃ ነው። ቀጥሎ ነዳጅ ይልቀቁ፣ መልሰው ይጫኑ። ንዝረቱ ሲጫኑ ብሶ ሲለቁ ከረገበ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ጥፋቱ ወደ ሻፍቱ ማዕዘን ያዘነብላል፤ የጎማ ችግር ነዳጅ ቢጫኑም ቢለቁም ብዙም አይለወጥም። ፎሌ አድርገው (ማርሹን ነፃ አውጥተው) መሞከር ከፈለጉ ሜዳ ላይ ብቻ ይሁን። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ሞተሩ መያዙን ሲያቆም ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል።

የንዝረቱን ፍጥነትም ልብ ይበሉ። በ90 መኪናው በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል፤ የእርስዎ ጎማ ዙሪያው 2.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.1 ለ 1 ከሆነ ሻፍቱ ወደ 40 ጊዜ ይዞራል። የክሮቼራ (የሻፍቱ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ማዕዘን ችግር ደግሞ በአንድ ዙር ሁለቴ ስለሚመታ በሰከንድ 80 ምት ይደርሳል። ወንበሩ በዝግታ ከተወዛወዘ ጎማ ነው፤ እንደ ንብ የሚነዝርና ጆሮ የሚደፍን ከሆነ ሻፍት። በስልክ መተግበሪያ ለሚለኩ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ስልኮች በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ስለሚያነቡ የ80ውን ምት 20 አድርገው ያሳያሉ።

መኪናዎ በአራቱም የሚጎትት ከሆነ ቁርጡን የሚነግር ፈተና አለ። የኋላውን ሻፍት ፍላንጁን (በቡሎን የሚታሰርበትን ክብ ብረት) በቀለም ምልክት አድርገው ያውልቁት፤ ከዚያ አራቱን አስገብተው በፊት ጎማ ብቻ ይንዱ። ንዝረቱ ካልጠፋ ወደ ኋላ ጎማ፣ ታምቡርና ሰሚያሲ (ጎማውን የሚያዞረው የአክስሉ ዘንግ) ይሂዱ። ከጠፋ ምንጩ እጅዎ ላይ ነው። ክሮቼራዎቹን በእጅ ወዲያ ወዲህ ያጥፏቸው፤ መሃል ላይ ቆንጠጥ ካሉ ይቀየሩ። የሻፍቱን የፊትና የኋላ ክፍል መጋጠሚያ የሚይዘው የመሃል ኩሽኔታ ጎማ እንዳልተቀደደ ይዩ። ሻፍቱ ግራሶ ሲቀባ ተነጣጥሎ ከነበረ ደግሞ ክሮቼራዎቹን የሚይዙት ሁለቱ ሹካዎች በአንድ መስመር መግጠማቸውን ያረጋግጡ፤ አንድ ጥርስ እንኳ ከዘለለ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ማዕዘን ይለኩ። መኪናው ክሪክ ላይ ሳይሆን ደልዳላ መሬት ላይ በጎማው ይቁም። ረጅም ማንጠልጠያ የባሌስትራውን ኋላ ዝቅ ስለሚያደርግ አክስሉን አዙሮ የፒኞኑን (ሻፍቱ የሚገጥምበት የዲፈረንሻሉ መግቢያ ጥርስ) አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳዋል። ለምሳሌ ሁሉም ወደ ኋላ ሲያዘቀዝቁ የሻፍቱ የፊት ክፍል 3 ዲግሪ፣ የኋላ ክፍሉ 8፣ ፒኞኑ 6 ቢያሳይ፣ የመሃሉ ክሮቼራ 5 ዲግሪ የኋለኛው 2 ዲግሪ ታጥፏል ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው አንዱ የሌላውን ምት የሚያጠፋው፤ ከ1 ዲግሪ በላይ ሲለያዩ ነው የሚሰማዎት። በዚህ ምሳሌ መፍትሔው የ3 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ማስገባት ነው። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ስለሆነ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት ይሁን። ነዳጅ ሲጫን አፍንጫው ትንሽ ስለሚነሳ አፍንጫውን ከልኩ 1 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ መተው ጥሩ ነው። የአሉሚኒየሙን ሽብልቅ አይግዙ፤ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል። የባሌስትራው የመሃል ቡሎን በረጅም ይቀየር፤ ዩ-ቡሎኖቹም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

እግረ መንገድዎን የኋላ ፍሬን ቱቦው አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ አለመወጠሩን ይዩ። አክስሉ ላይ በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ ካለም ያስተካክሉት፤ ኋላው ስለተነሳ መኪናው ጭነት የሌለው መስሎት የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል።