የዘጌን ጸጥታ ወደ ቤት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። ጣናን ተሻግሮ ከዘጌ ገዳማት የተመለሰ ሰው ያገኘውን ዕረፍት በራሱ ቤት፣ በአንዲት ጥግ ላይ ማቆየት ይፈልጋል። ይቻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከምን እንደሚጀመር ነው።

ጥያቄ፦ ለትንሣኤ ሰሞን ከእህቶቼ ጋር በጀልባ ዘጌ ሄደን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ተመለስን። ያንን ሰላም ቤቴ ባገኘው ብዬ ከተከራየሁት ክፍል (3 በ4 ሜትር ነው) አንዱን ጥግ ለጸሎትና ለንባብ ለየሁ። ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች፣ አራት የብራና ሥዕሎች፣ መስቀሎችና ሌማት ገዝቼ ደረደርኩ። አሁን ግን ጥጉ የስጦታ ዕቃ መሸጫ መስሎ ቁጭ አለ። ምኑን ነው ያጠፋሁት? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ዕቃዎቹን ለጊዜው ካርቶን ውስጥ ይክተቷቸውና ዑራ ሲደርሱ የሆነውን በቅደም ተከተል ያስታውሱ። ከጀልባ ወርደው ሽቅብ የሄዱበት መንገድ በቡናና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያልፋል፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ ገቡ ማለት ነው። በሩ ላይ ጫማዎን አወለቁ። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የተቀበለዎት ቅኔ ማኅሌቱ ነው፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ስለሚል ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ያስቆማል። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች የታዩዎት ከዚያ በኋላ ነው። ልብዎን ያሳረፈው ይህ አገባብ ነው፦ ጥላ፣ ደፍ፣ ደብዛዛ ብርሃን፣ በስተመጨረሻም ዓይን የሚያርፍበት ነገር። እርስዎ ግን የገዙት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ያውም በብዛት።

ስለዚህ ከደፉ ይጀምሩ። ከበሩ የራቀውን፣ ከበር ወደ አልጋ የሚመላለሱበት መስመር ላይ የማይውለውን ጥግ ይምረጡ። 1.5 በ2 ሜትር ይበቃል። መጋረጃ ከሰቀሉ የጨርቁ ወርድ ከሚሸፍነው ስፋት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ለ2 ሜትር ከ3 እስከ 4 ሜትር ጨርቅ ማለት ነው። ልክ በልክ የተቆረጠ መጋረጃ ተወጥሮ ስለሚቆም ክፍሉን ያጠበዋል። አከራይዎ ግድግዳ መብሳት ካልፈቀዱ መጋረጃውን ይተዉትና መግቢያው ላይ ዝቅ ያለች የጫማ መደርደሪያ ያኑሩ። ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ራሱ ደፍ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን። በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል በአብዛኛው 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ማታ ማታ ዓይን አያሳርፍም። ማሸጊያው ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለውን፣ ከ5 እስከ 7 ዋት ያለውን ይጠይቁ። እዚያ ጥግ ሲቀመጡ የጣሪያው አምፖል ይጥፋ። የጥጉ መብራት ከጎንዎ፣ ከዓይን ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ሲያነቡ ብቻ ከትከሻ በላይ ከፍ ያድርጉት።

አሁን ከአራቱ ሥዕሎች አንዱን ያውጡ። አንዱን ብቻ። ለጸሎት ስለሆነ በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ይሁን። ሰው ሁሉ የሚስተው ከፍታውን ነው፦ ሥዕል የሚሰቀለው ቆሞ ለሚያይ ሰው ተብሎ ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዝቅ ባለ በርጩማ ለተቀመጠ ሰው ግን ያ አንገት ቀና ያስደርጋል። በሚቀመጡበት ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው ከዓይንዎ ትይዩ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግልዎ፤ የሥዕሉ መካከል ከዚያ በአንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ለጸሎት የሚቆሙ ከሆነ ግን የቆመ ሰው ልክ ይበልጣል። ብራናው ላይ ማስቲሽ እንዳይቀቡ አደራ። ብራና ቆዳ ነው፤ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይሸማቀቃል። ጠርዙ ከግድግዳ ከተጣበቀ መላወሻ ስለሚያጣ መሀሉ ይጨማደድና ቀለሙ ይሰነጠቃል። ከላይና ከታች በቀጭን እንጨት ይያዝ፣ ከግድግዳውም በጣት ውፍረት ይራቅ። ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ ያርቁት።

የቀሩት ሦስቱ ሥዕሎች ካርቶናቸው ውስጥ ይቆዩ። በየጊዜው አንዱን በአንዱ መተካት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ከደንገል የተሠራ ምንጣፍ አንጥፈን፣ መከዳ ደርድረን ማረፊያ አድርገን ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ግን ክፍሉ ይሸታል፣ የምንጣፉም ጀርባ አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። መጣል አለብን? (ከፋሲሎ)

መልስ፦ ነጠብጣቡ ገና ላዩ ላይ ከሆነ ይድናል። አንድ ዘለላ በጣቶችዎ መካከል ይዘው ያጥፉት፤ ከተለመጠ ደህና ነው፣ ከደቀቀ ግን ይጣል።

ከማጽዳቱ በፊት እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፤ አለዚያ በወሩ ይመለሳል። ምንጣፉን አንሥተው ወለሉን ያድርቁና ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፌስታል ወይም ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ያጣብቁበት። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይተው ይመልከቱ። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ እርጥበቱ ከመሬት በሲሚንቶው በኩል እየወጣ ነው። ከላይ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው የታመቀው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ከመሬት ለሚወጣው፣ ምንጣፉ ወለሉን መንካት የለበትም። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች በየ30 ሴንቲ ሜትር አጋድመው፣ ላያቸው ላይ ቀጫጭን እንጨት ረብርበው ምንጣፉን ከዚያ ላይ ያንጥፉ፤ እግረ መንገዱን ዝቅ ያለች መደብ ትሆንልዎታለች። ብዙ ሰው ከምንጣፉ ሥር ላስቲክ ያነጥፋል። ላስቲኩ ከታች የሚመጣውን ቢያቆምም ከላይ የወረደው፣ የፈሰሰው ቡናና የተወለወለው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ሻጋታውም ይብሳል። የታመቀ አየር ከሆነ ግን ዝናቡ ጋብ ሲል ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወይም በርና መስኮትን ግማሽ ሰዓት መክፈት፣ መከዳዎቹንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ይበቃል።

ጽዳቱ ከቤት ውጭ ይሁን፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። በደረቁ በብሩሽ ያራግፉ፣ ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው በተጨመቀ ጨርቅ ያብሱት። አይዘፍዝፉት፤ ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ውኃ ከጠጣ በክረምት ቶሎ አይደርቅም። ሁለቱም ገጽ ፀሐይ እስኪጠግብ ድረስ አይመልሱት። በረኪና ዘለላውን ያደክመዋልና ይቅርብዎ፤ ከአቼቶ ጋር ደግሞ በፍጹም አይገናኝ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ያየኋት ሐምራዊ አበባ ልቤን ወስዳዋለች። በሸክላ ገበቴ ውኃ ላይ አስቀምጬ በረንዳዬን ላስጊጥባት? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ያች አበባ እምቦጭ ናት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀችው፣ ገበሬውና አሳ አጥማጁ በእጁ ሲነቅላት የኖረችው አረም እርሷ ናት። ከሥሯ የተቆረጠች ቁራጭ ራሷን ችላ ትበቅላለች፣ ዘሯም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የገበቴውን ውኃ ቦይ ውስጥ ሲደፉ ክረምት ጠርጎ የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም።

ገበቴው ግን መልካም ሐሳብ ነው። ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ያስገቡና ውኃው ድንጋዩን ለጥቂት ብቻ ይሸፍነው። በየሦስት ቀኑ ይድፉት፣ ውስጡንም በብሩሽ ይፈትጉት። በሙቀት ወራት የቢምቢ ዕንቁላል ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ በራሪ ይሆናልና አንድ ሳምንት የተረሳ ገበቴ ለቤተሰቡ የወባ ስጋት ነው። ከቤት ርቀው የሚሰነብቱ ከሆነ ውኃው ተደፍቶ ገበቴው ይድረቅ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ማታ መስኮት ዘግቼ፣ ከሰል ላይ ዕጣን አጢሼ አርፋለሁ፤ ግን ራሴን ያመኛል። ዕጣኑ ይሆን? (ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጭሱም ራስ ሊያሳምም ይችላል፤ እኛን የሚያስፈራን ግን ከሰሉ ነው። ከሰል ነዶ ዐመድ ከለበሰ በኋላም ቢሆን ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የራስ ምታት የመጀመሪያ ምልክቱ ነው፤ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፣ ተኝተው ከያዘዎትም ላይነቁ ይችላሉ። ከዛሬ ጀምሮ በተዘጋ ክፍል ከሰል አይግባ። ወይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ይጠቀሙ፣ ወይ ዕጣኑን በረንዳ ላይ አጢሰው፣ ሽታው በተከፈተው በር ሲገባልዎ እሳቱን እዚያው ውጭ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከዘጌ የቡና ችግኝ አምጥቼ በረንዳ ላይ፣ ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቦታ አስቀመጥኳት። ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ነደደ። ውኃ አንሷት ነው? (ከበላይ ዘለቀ)

መልስ፦ ፀሐዩ ነው። የዘጌ ቡና የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ነው፤ እርስዎ ከጫካ አውጥተው ሜዳ ላይ አቆሟት። የጠዋት ፀሐይ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ወደምታገኝበት ቦታ ያዙሯት ወይም ከበላይዋ ስስ ነጠላ ይወጥሩላት። ማሰሮዋ ታችዋ የተበሳ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላት ትሁን፤ ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ያጠጡ። የነደደው ቅጠል አይመለስም፤ ግን ግማሹ ገና አረንጓዴ ከሆነ አይቅጠፉት፤ አዲሱ ቅጠል እስኪወጣ ተክሏን የሚመግባት እርሱ ነው።