ለሥራ ባልደረባሽ ሠርግ «አልመጣም» ብለሽ በእንግሊዝኛ ስትጽፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባሽ ኤፕሪል 11 ለምታደርገው ሠርግ ጠርታሻለች። ቀኑ የእኛ ቀዳም ሥዑር ነው። ቅር ሳይላት በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልጻፍላት፣ ስጦታስ የግድ ነው ወይ ብለሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን እንክብካቤ ለዓመታት ከአሜሪካውያን ጋር ስሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶቼንም አግዤያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት «እሞክራለሁ» አትበያት። እኛ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደናል። «እግዚአብሔር ካለ እንመጣለን» ብለን እንለያያለን፤ ጠሪውም ነገሩ ይገባዋል። ድንኳኑ ሰፊ ነው፣ አንድ ሰው ቢቀር ወይም ቢጨመር ማንም ልብ አይልም። የእነሱ ሠርግ ግን በወንበር የተቆጠረ ነው። ምግብ የሚያቀርበው ድርጅት በሰው ልክ ያስከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ከሠርጉ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቁርጡን ቁጥር ይጠይቃል።

አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ሙሽራ በምሳ ሰዓት ትልቅ ወረቀት ዘርግታ፣ ጠረጴዛዎቹን ክብ ክብ አድርጋ ስላ፣ የእንግዶቿን ስም በትንንሽ ቢጫ ወረቀት ስትለጥፍ አጠገቧ ነበርኩ። አንዲት የአገራችን ልጅ «አይ ዊል ትራይ» ብላታለች። የእሷን ወረቀት አንዴ እዚህ ትለጥፋለች፣ አንዴ ትነቅላለች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ «እና ትመጣለች ወይስ አትመጣም?» አለችኝ። አልመጣም ብትላት ምንም አይመስላትም ነበር። ያስጨነቃት ቁርጡን አለማወቋ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አመስግኛት፣ ወዲያው ቀጥለሽ እንደማትመጪ ንገሪያት። አንዴ ብቻ፣ በግልጽ። ብዙዎቻችን ምክንያቱን እናስቀድማለን። የልጁ ጉዳይ፣ የሥራ ፈረቃው፣ የመኪናው መበላሸት ይደረደራል። አንባቢዋ ግን ገጹ እስኪያልቅ ትምጪ አትምጪ አታውቅም። ምክንያት አንድ ይበቃል፤ ሲበዛ ሰበብ ይመስላል።

ያንቺ ምክንያት ደግሞ ማንም የሚያከብረው ነው። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አድርጊላት። በ2026 (በእነሱ አቆጣጠር) የእነሱ ፋሲካ ኤፕሪል 5 ነው፣ የእኛ ኤፕሪል 12። ዝም ብለሽ «ፋሲካ ስለሆነ» ካልሻት «ፋሲካ ከሠርጌ በፊት ባለው እሁድ አይደል እንዴ?» ብላ ግራ ይገባታል። የኦርቶዶክስ ፋሲካ ነው በያት። ስለ ሃምሳ አምስቱ ቀን ጾምና ስለ አክፍሎት ደብዳቤው ላይ አትዘርዝሪ። ከጠየቀችሽ ቁጭ ብላችሁ ታጫውቻታለሽ።

እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል ልጻፍልሽ፣ አንቺ በእነሱ ገልብጪው። «ዲር» ብለሽ የራሷን ስም ብቻ ጻፊ። የቤተሰቧ ስም ከተጨመረ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆናል። ከዚያ፦

«ታንክ ዩ ሶ ማች ፎር ኢንቫይቲንግ አስ ቱ ዩር ዌዲንግ። አንፎርቹኔትሊ፣ ዊ ዎንት ቢ ኤብል ቱ ካም። ዛት ዊክኤንድ ኢዝ አወር ኦርቶዶክስ ኢስተር፣ ኤንድ ዊ ዊል ቢ ፋስቲንግ ኤንድ አት ቸርች።»

በቃ፣ እምቢታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ አትመለሺበት። «አይ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ» የሚለውን ለባንክ ተዪው። «ፕሊዝ ዶንት ቢ አንግሪ ዊዝ ሚ» የሚለውንም አውጪው። በእኛ «እንዳትቀየሚኝ» ማለት ፍቅር ነው። እሷ ግን ስታነበው «ለምንድን ነው የምቆጣው?» ትላለች። «ሶሪ» ማለት ከፈለግሽ አንዴ ይበቃል።

አሁን ልብሽን የምታሳዪበት ቦታ መጣ፤ እዚህ ላይ አትቸኩይ። ካንቺ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችል አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ቀለበቷን ያሳየችሽ ቀን፣ ስለ እጮኛዋ ያጫወተችሽ ነገር፣ በሌሊት ፈረቃ አብራችሁ የሳቃችሁበት። ለምሳሌ «አይ ስቲል ሪሜምበር ዘ ዴይ ዩ ሾውድ ሚ ዩር ሪንግ ኢን ዘ ብሬክ ሩም» ብትያት፣ ከአሥር «ቬሪ ቬሪ ሶሪ» ይልቅ ይህ ደስ ይላታል። በቻትጂፒቲ ያጻፉ እህቶች ደብዳቤ አይቻለሁ። ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው፣ ግን ለማንም ሊላክ ይችላል። እሱን ብትጠቀሚም ይህችን አንዷን ዓረፍተ ነገር ራስሽ ጻፊያት። እንግሊዝኛዋ ብትንገዳገድ እንኳ ግድ የለም።

ቀጥሎ ከልብሽ ከሆነ ቤትሽ ጥሪያት። «ፕሊዝ ካም ቱ አወር ሃውስ ፎር ኮፊ ኢን ሜይ።» ወሩን መጥቀስሽ አይቅር፣ «አንድ ቀን» ብቻ ካልሽ ለወግ ያልሽው ይመስላታል። የማትጠሪያት ከሆነ ግን ዝለዪው። በመጨረሻ ለሁለቱም መልካም ተመኚና «ዋርምሊ» ወይም፣ ከተቀራረባችሁ፣ «ላቭ» ብለሽ ፈርሚ። ባልሽም ከተጠራ የሁለታችሁን ስም ጻፊ።

ደብዳቤው የመልስ ካርዱን አይተካም። ከጥሪው ጋር ቴምብር የተለጠፈበት ትንሽ ፖስታ ካለ፣ «ዲክላይንስ» (አልመጣም ማለት ነው) የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና ከተጻፈው ቀን በፊት ላኪው። መልሱ በድረ ገጽ የሚሞላ ከሆነም እዚያው ሙዪ።

ስጦታውን በተመለከተ፣ ካልሄድሽ ብዙ ሰው እንደ ግዴታ አያየውም። እኔ ግን በየቀኑ አብራኝ ለምትሠራ ሰው ትንሽ ነገር እልካለሁ። ሙሽሮቹ የሚፈልጉትን ዕቃ በመደብር ካስመዘገቡ ከዝርዝሩ አቅምሽ የሚችለውን ምረጪ፣ መደብሩ ቤታቸው ያደርስላቸዋል።