«ብርቱካን» እና «አራንሺ»

ጥያቄ፦ አባቴ «ብርቱካን» የመጣው «ብርቱ» ከሚለው ቃል ነው ይላል። የአስመራ ተወላጅ የሆነችው እናቴ ደግሞ ፍሬውን «አራንሺ» ትለዋለች። «ብርቱኳን» ብለው የሚጽፉም አሉ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ብርቱካን ከብርታት ጋር ዝምድና የለውም። የቃሉ ምንጭ የአገር ስም፣ ፖርቱጋል ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የፖርቱጋል ነጋዴዎች ጣፋጩን ብርቱካን ሲያስፋፉ፣ ብዙ ገዢዎች ፍሬውን በሻጩ አገር ጠሩት፤ ግሪኩ «ፖርቶካሊ»፣ ቱርኩ «ፖርታካል»፣ ዓረቡ «ቡርቱቃል» አለ። እኛ የወሰድነው ከዓረብኛው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ን»ም እንግዳ አይደለም፤ በግብፅና በቱኒዚያ የንግግር ዓረብኛ «ል» በ«ን» ተተክቶ ይሰማል።

አባትዎ ግን ቃሉን የከፈሉበት ቦታ ደስ ይላል። ፖርቱጋል ስሟን ያገኘችው «ፖርቱስ ካሌ» ከሚባል ጥንታዊ የወደብ ስም ነው፤ «ፖርቱስ» በላቲን ወደብ ማለት ነው። ስለዚህ ስፌቱ በእርግጥም «ብርቱ» እና «ካን» መካከል ነው፤ ትርጉሙ ብቻ ሌላ ሆነ።

በ1541 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፖርቱጋላዊው የጦር አዛዥ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ወታደሮቹን ይዞ አገራችን መግባቱን የሚያውቁ ሰዎች፣ ቃሉን ያመጡት ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። አይሆንም። እነሱ ፍሬውን «ላራንዣ» ይሉታል እንጂ በገዛ አገራቸው ስም አይጠሩትም። ከእነሱ አፍ ወስደነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከገበያ የምንገዛው ላራንዣ ነበር።

ይኸው «ላራንዣ» የእናትዎ ቃል ዘመድ ነው። የሳንስክሪቱ «ናራንጋ» በፋርስ «ናራንግ»፣ በዓረብ «ናራንጅ»፣ በስፔን «ናራንሃ» ሆነ። ጣሊያን ሲደርስ የፊቱ «ን» ከሚቀድመው «ኡና» (አንዲት) ጋር ተዋጠና «አራንቻ» ቀረ፤ ትግርኛም «አራንሺ»ን ያገኘው ከጣሊያኖች ነው። ሁለቱም ወላጆችዎ ትክክል ይናገራሉ፤ ቃሎቻቸው በተለያየ መንገድ የመጡ ናቸው።

ሲጽፉ «ብርቱካን» ይበሉ፤ ቀለሙም «ብርቱካናማ» ነው። «ኳ» የሚሰማው «ቱ» ስንል የሾለው ከንፈር ሳይመለስ «ካ» ላይ ስለሚደርስ ነው። የሴት ስም ሲሆን ግን ባለቤቷ እንዳጻፈችው ይተዉላት።